በአባቷ ቤተ ክርስቲያን የተቀዳው ሸክላ
አሬታ ፍራንክሊን የመጀመሪያ የመዝሙር ሸክላዋን ያስቀዳችው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም.፣ አባቷ በሚያገለግሉበት በዴትሮይቱ የኒው ቤቴል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ዕድሜዋ 14 ዓመት ነበር፤ ፒያኖውንም የመታችው ራሷ ናት። እኛን ግን ከልጅቱ ድምፅ ይልቅ የያዘን የተቀባዩ ሕዝብ ድምፅ ነው። እርሷ አንድ ሐረግ ታነሣለች፤ ከጉባኤው አንዱ ያበረታታታል፣ ሌላው ይቃትታል። እናቷን ገና በ9 ዓመቷ በሞት ላጣች ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። በስቱዲዮ ቢሆን ኖሮ ሁሉም እንደ ሁካታ በተከለከለ ነበር። (ተቀባይ ያጣ መሪ እንዴት እንደሚደክም ማሕሌት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።) በ1960 ዓ.ም. ወደ ዓለማዊ ዘፈን ገባች። በ1972 ዓ.ም. መዝሙር ልታስቀዳ ስትመለስ ግን የመረጠችው በሎስ አንጀለስ የሚገኝ ቤተ ክርስቲያንን ነው፤ አባቷም መጥተው ከፊት ተቀምጠው ሰሟት።