«ተስፋ ያለው» እርጎ

በጠዋት ኤረር በር ወይም ሸዋ በር አጠገብ ብትቆሙ፣ ጀሪካንና ቅል የያዙ እናቶች ከገጠር ወደ ሐረር ሲገቡ ታያላችሁ። የላም ወተት አለ፣ የግመል ወተት አለ፣ አድሮ የጎመዘዘ እርጎ አለ። አንዳንዷ ዕቃዋን በወይራ አጥናዋለች፤ ክዳኑ ሲከፈት ከወተቱ በፊት ጭሱ ይሸታል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጀጎልን ግንብ ካሳነጹ ወዲህ በነዚህ በሮች ወተት ሳይገባ የቀረበት ዘመን ነበር የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ታዲያ ከገዢዎቹ መካከል አልፎ አልፎ ለየት ያለ ሰው ብቅ ይላል። የበረዶ ሳጥን የያዘ፣ የማስተርስ ጥናቱን የሚሠራ ተማሪ። እርጎውን በትንንሽ ጠርሙስ ይቀዳል፣ ይከፍላል፣ «እናመሰግናለን አዴ» ብሎ ይሄዳል።

ከዚያስ? ከዚያማ ጥናቱን ሳላነብ ልንገራችሁ። ከእርጎው ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ተለየ። ጨጓራን በሚመስል አሲድ ውስጥ ተነከረ፣ አልሞተም። የሐሞት ጨው ተጨመረበት፣ ተቋቋመ። ከኢ. ኮላይና ከሳልሞኔላ ጋር ተገጠመ፣ አሸነፈ። ስለዚህ «ተስፋ ያለው ፕሮባዮቲክ ሆኖ ተገኝቷል፤ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።» ተጨማሪውን ጥናት ማን ያጥና? የከርሞው ተማሪ እንዳትሉኝ! እሱ ሌላ እርጎ ገዝቶ ከሀ ይጀምራል።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 የሰጡት ትርጉም ግልጽ ነው፦ ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰድ ለወሳጁ ጤና ጥቅም የሚሰጥ ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ጥቅም ለሰው እንጂ ለጠርሙስ አልተባለም። በ2002 ያወጡት መመሪያም ዝርያው በትክክል ተለይቶ እንዲታወቅ፣ መድኃኒት የመቋቋም ባሕርዩ እንዲመረመር፣ በመጨረሻም በሰው ላይ እንዲፈተን ይጠይቃል። እኛ መግቢያው ላይ ቆመን እናጨበጭባለን። ጃፓናዊው ሺሮታ እ.ኤ.አ. በ1930 ባክቴሪያውን ለይቶ በ1935 መጠጡን ገበያ ላይ አዋለው። አምስት ዓመት!

ተማሪውን አልወቅስም። ሁለት ዓመትና ጥቂት ብር ሰጥቶ «ተመረቅ» የሚል ሥርዓት ከዚህ የተሻለ ሊጠብቅ አይችልም። ልጁ ሲመረቅ ባክቴሪያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀራል። መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው።

በሌላ በኩል «የኛ እርጎ ራሱ መድኃኒት ነው፣ ምን ጥናት ያስፈልገዋል?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በርጫ ላይ ይቺ ወሬ ትጣፍጣለች። ነገር ግን ያልፈላ ወተት ብሩሴላም የከብት ሳምባ ነቀርሳም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ስለጎመዘዘ ብቻ ጸዳ ማለት አይደለም። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊን የመሳሰሉ የአገራችን ተመራማሪዎች ስለ እርጎ ደጋግመው የጻፉት፣ አደገኛ ጀርም በአሲዱ ቶሎ ላይጠፋ እንደሚችል ጭምር ነው።

ታዲያ እናፍላው? ሲፈላ ክፉውም ደጉም አብሮ ይሞታል። የፈላ ወተት እንዲረጋ እርሾ ይፈልጋል፤ እርሾው ደግሞ ያ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተረሳው «ተስፋ ያለው» ባክቴሪያ መሆን ይችል ነበር። በሽታ ይፈውሳል ተብሎ ካፕሱል ውስጥ መግባቱ ይቆየን። ወተቱን በወጉ ያርጋ፣ ጣዕሙን ይጠብቅ፣ በሽታ አያምጣ። የግመል ወተት እንደ ላም ወተት ጥጥር ብሎ ስለማይረጋ፣ ለሱ የሚስማማ እርሾ ቢገኝ ለባቢሌ አርቢ ትልቅ ነገር ነው።

«ማን ይሰርቀናል» እንዳትሉ። በጤፍ ያየነው ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ተፈራርመን፣ እሱ በጤፍ ዱቄት ፓተንት አውጥቶ፣ የሆላንድ ፍርድ ቤት ፓተንቱን የሻረው በ2018 ነው። እኛ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ ከጄኔቲክ ሀብቱና ከዕውቀቱ ከሚገኘው ጥቅም ድርሻ አለው ብለን ጽፈናል። ረቂቅ ተሕዋስም ጄኔቲክ ሀብት ነው። ያቺ በወይራ ያጠነችው እናት፣ ምስጋና ብቻ የተከፈላት፣ በሕጉ ባለድርሻ ናት ማለት ነው።

ድርሻው ይቅር። ልጁ በጠርሙስ ከወሰደው እርጎ ውስጥ ምን ተገኘ? ጥሩው የቱ ነው፣ አደገኛውስ አለበት ወይ፣ ዕቃው እንዴት ይታጠብ? ይህችን መልስ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በሐረሪ ቋንቋ አንዳንድ ገጽ ጽፎ በሩ ላይ ለማንበብ ስንት ብር ይፈጃል?