ባለቤቱ ያልተጠየቀበት ቻርተር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የወረዳ አዳራሽ ውስጥ ስለ አንድ ረቂቅ ሕግ «የሕዝብ ውይይት» ተጠርቶ ሄጄ ነበር። መድረክ መሪው ማብራሪያውን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አነበበ። አስተያየት ስጡ ሲባል ከመሀል ወንበር አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «ልጄ፣ ይህ ወረቀት ተጽፎ አልቋል ወይስ ገና ነው? ካለቀ የእኛ ንግግር የት ላይ ይገባል?» አሉ። መድረክ መሪው በትሕትና «እማማ፣ ሐሳብዎ ተይዟል» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። አጠገቡ የተቀመጠው ቃለ ጉባኤ ያዥ ግን እስክሪብቶውን አላነሣም ነበር።

የአዲስ አበባ ቻርተር ይሻሻል አይሻሻል የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር የእኚያ እናት ጥያቄ ትዝ ይለኛል። የፓርቲ ሰው፣ የሕግ ባለሙያ፣ አክቲቪስት፣ ሁሉም በየመድረኩ ይናገራል። አንዱ «ከተማዋ የማን ናት?» እያለ ይሟገታል። ሌላው «ነገሩ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ለባለሙያ እንተወው» ይላል። ሁለቱ ወገኖች በብዙ ነገር አይስማሙም፤ ነዋሪውን ሳይጠይቁ በማለፍ ግን አንድ ናቸው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ነዋሪው ያልጻፈውና ድምፅ ያልሰጠበት ቻርተር የቱንም ያህል ቢሻሻል ለሹም የተለካ ልብስ ከመሆን አያልፍም።

ታሪኩን እንይ። የመጀመሪያው የፌዴራሉ ሥርዓት ቻርተር አዋጅ ቁጥር 87 ሆኖ በ1989 ዓ.ም. ወጣ። በ1995 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ቻርተር ታወጀ፤ መጀመሪያ ቁጥር 311፣ ወራት ሳይቆይ ደግሞ ቁጥር 361። በ1997ቱ ምርጫ የከተማው ሕዝብ ከ138 የምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን ለተቃዋሚው ፓርቲ ለቅንጅት ሰጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ተመራጮቹ አስተዳደሩን ሳይረከቡ ቀሩ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፤ በ1998 የፌዴራሉ መንግሥት ባለአደራ አስተዳደር ሾመ። እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ ከተማዋ ማንም ባልመረጠው አስተዳደር ተመራች። የጥፋቱን ድርሻ ማን ይውሰድ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የማያከራክረው ግን ድምፁን የሰጠው ሕዝብ «አሁንስ ምን ይሁን?» ተብሎ አለመጠየቁ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ቻርተሩ እንደገና ተነካ። የምክር ቤቱ አባል ያልሆነ ሰው ምክትል ከንቲባ ተብሎ ከተማዋን እንዲመራ የሚፈቅድ ማሻሻያ ወጣ። ታከለ ኡማ በዚህ በር ገቡ፤ በ2012 ነሐሴ አዳነች አቤቤም በዚያው በር ተከተሉ። ስለ ሰዎቹ ችሎታ እየተናገርሁ አይደለም፤ ስለ በሩ ነው። በሩ የተከፈተው ነዋሪው ክፈቱልኝ ስላለ አልነበረም፤ ሊሾም የታሰበ ሰው ስለነበረ ነው። በ2005 ለአምስት ዓመት የተመረጠው ምክር ቤትም የሥራ ዘመኑ እየተራዘመ እስከ 2013ቱ ምርጫ ድረስ ቆየ። ስለዚህ ቻርተሩ የተነካበትን ጊዜ ሁሉ ብትቆጥሩ ምክንያቱን ከቀበሌ ሰልፍ ወይም ከውኃ ቧንቧ አጠገብ አታገኙትም። የምታገኙት ከሥልጣን ሽግግር አጠገብ ነው።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? መልሱ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ይጀምራል። የእንግሊዝኛው ቅጂ ሙሉ ራስን የማስተዳደር መብት ያላቸው የአዲስ አበባ ነዋሪዎች መሆናቸውን ይናገራል። የአማርኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ሥልጣን የሚሰጠው ለከተማው አስተዳደር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ነው። ልዩነቱ የአንድ ቃል ይመስላል፤ ሆኖም የችግሩ ሥር እዚያ ነው። «ራስን በራስ ማስተዳደር» ሲባል ራስ የተባለው ማን ነው? ሰው ነው ወይስ ቢሮ? ቢሮ ከሆነ ቢሮው የሚተዳደርበትን ደንብ ከበላዩ ካለው ቢሮ ጋር ተነጋግሮ ሊያሻሽል ይችላል፤ ነዋሪው ውጤቱን በዜና ይሰማል። እስካሁን የሆነውም ይኸው ነው።

በዚያው አንቀጽ ዝርዝሩን ደግሞ ሕግ ይወስነዋል ተብሏል። ሕጉን የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በዚያ ምክር ቤት ከ547 ወንበሮች የአዲስ አበባ ድርሻ 23 ነው። በፌዴሬሽን ምክር ቤት ከተማዋ በስሟ አንድ ወንበር እንኳ የላትም። እንግዲህ የዚህችን ከተማ መተዳደሪያ የሚያጸድቁት፣ የሚሽሩትና የሚለውጡት አብዛኞቹ እጆች የመረጣቸው ሌላ አካባቢ ነው። በጀቷን በአብዛኛው የምትሸፍነው ግን ከራሷ ነዋሪ በምትሰበስበው ግብርና ታክስ ነው። የሚከፍል አንድ፣ የሚወስን ሌላ ሲሆን ተጠያቂነት የት ይቆማል?

«የፌዴራል መንግሥት መቀመጫ ናት፤ ሙሉ በሙሉ ለነዋሪዋ ልትተው አትችልም» የሚል መከራከሪያ አለ። ክብደት ያለው ሐሳብ ነው፤ አልንቀውም። መንግሥት ጽሕፈት ቤቱንና ጸጥታውን መጠበቅ አለበት። ይህ ግን ነዋሪውን ላለመጠየቅ ምክንያት አይሆንም። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ዋሽንግተን ዲሲን ውሰዱ። እሷም የፌዴራል መንግሥት መቀመጫ ናት። የአሜሪካ ኮንግረስ እስከ ዛሬ የከተማዋን ሕግ ሊሽር ይችላል፤ የዲሲ ሰዎችም ይህን በመቃወም ሲሟገቱ ይኖራሉ። ነገር ግን ራስን የማስተዳደር ቻርተራቸው እ.ኤ.አ. በ1974 በነዋሪዎቿ ድምፅ ጸድቋል፤ ከንቲባዋንም ነዋሪው ራሱ በቀጥታ ይመርጣል። ዜግነት ያገኘው የእኛ ታክሲ ነጂ እዚያ ከንቲባ ይመርጣል። እናቱ በአዲስ አበባ የምትመርጠው የምክር ቤት አባል ነው፤ ከንቲባው ማን እንደሚሆን ሌሎች ይወስኑላታል።

«የማን ናት?» ስለሚለው ክርክር ደግሞ በግልጽ ልናገር፦ ያሰከረን እርሱ ነው። ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላት ልዩ ጥቅም በሕገ መንግሥቱ ከተጻፈ ጀምሮ ዓመታት አለፉ። በ2009 ሰኔ ዝርዝር ረቂቅ አዋጅ ለፓርላማ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በስም፣ በካርታና በታሪክ ላይ ስንነታረክ፣ የውኃ ጉዳይ ሰሚ አጣ። የአዲስ አበባ ሰው ከሚጠጣው ውኃ ከፊሉ በኦሮሚያ ካሉት ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ይመጣል። የከተማዋ ፍሳሽ ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ወርዶ ከታች ያለው ገበሬ ማሳ ይደርሳል። ገበሬው ካሳና ንጹሕ ወንዝ ይፈልጋል፣ ነዋሪው የማይቋረጥ ውኃ ይፈልጋል። ሁለቱ የሚደራደር ተጠያቂ ወኪል ቢኖራቸው ይግባባሉ። «የእኔ ናት» እያሉ የሚጯጯኹ ፖለቲከኞች ግን ለገበሬው ወንዙን አላጸዱለትም፤ ለነዋሪውም ቧንቧውን አልከፈቱለትም።

ነዋሪውን ያለመጠየቅ ዋጋ በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። በፒያሳና በካዛንቺስ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ሰዎች ዕድሜያቸውን ከኖሩበት ግቢ ወጥተዋል። ለምለም መንገድና መብራት ማየት ማንም አይጠላም፤ እኔም አልጠላም። ነገር ግን «የምንሄደው የት ነው? መቼ? ምን ይሰጠናል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደጁን የሚያንኳኳበት፣ በሚቀጥለው ምርጫ ሊያወርደው የሚችል የሰፈሩ ተመራጭ ያስፈልገዋል። አንባቢዬ፣ የወረዳህን ምክር ቤት ተመራጭ ስም ታውቀዋለህ? ካላወቅኸው ጥፋቱ የአንተ ብቻ አይደለም። ቻርተሩ እንድታውቀው አድርጎ አልተሠራም።

አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። ቻርተር አጥር ነው። የአዲስ አበባ አጥር ደጋግሞ የተነቀነቀው ባለቤቱ ዝም ስላለ ነው፤ ባለቤቱም ዝም ያለው ስላልተጠየቀ ነው። ይህን አዙሪት የሚሰብር ማሻሻያ ቢያንስ እነዚህን መያዝ አለበት። ከንቲባው በቀጥታ በነዋሪው ድምፅ ይመረጥ። የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ጊዜውን ጠብቆ ይካሄድ፤ የምክር ቤት ዘመን ያለ ነዋሪው ፈቃድ አይራዘም። ፌዴራል መንግሥቱ ጣልቃ የሚገባባቸው ሁኔታዎች ተቆጥረው ይጻፉ። ከሁሉም በላይ ረቂቁ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሳይጻፍ በየወረዳው ይመከርበት፤ ሲያልቅም ፓርላማው ከማጽደቁ በፊት ለነዋሪው ድምፅ ይቅረብ። ይህን የሚከለክል የሕገ መንግሥት አንቀጽ የለም። የሚከለክለው ልማድ ነው።

ለነገው ረቂቅ አዘጋጆች የማስተላልፈው የእኚያን እናት ጥያቄ ነው፦ «የእኛ ንግግር የት ላይ ይገባል?» ለዚህ መልስ የሌለው ቻርተር አይጽደቅ። ለከተማዬ ሰው ደግሞ አንድ ቃል አለኝ፦ በሚቀጥለው ጊዜ ለውይይት ሲጠሩህ፣ በመገኘት ማረጋገጫ ወረቀቱ ላይ ከመፈረምህ በፊት ረቂቁ ተጽፎ አልቆ እንደሆነ ጠይቅ። አልቆ ከሆነ ፊርማህን አትስጥ።