የገና ጨዋታ ለአንድ ቀን ብቻ አይቅር

በብርድ አገር ሰዎች በበረዶ ላይ ሆኪ የሚሉት ጨዋታ እንዳለ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ተጫዋቾቹ ከሥሩ የብረት ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ አንዲት ጠፍጣፋ ጎማ በቆልማማ ዱላ ይመታሉ። እኛም በገና በዓል ሩርን በቆልማማ ዱላ እንመታለን። ታዲያ የእነርሱ ጨዋታ ዓለምን ሲያስደንቅ የእኛው ስለ ምን በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን ያልቃል?

ምክንያቱ በረዶ ስለ ሌለን አይደለም፤ በየወረዳችን ተደራጅተን ስላልተወዳደርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 በካናዳ ብሔራዊው የሆኪ ሊግ ሲቋቋም የጀመሩት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። በ1918 መባቻ የመጫወቻው አዳራሽ ተቃጥሎ አንዱ ቡድን ሲፈርስ፣ የቀሩት ሦስቱ ውድድሩን ፈጸሙ። ዛሬ ሊጉ በካናዳና በአሜሪካ 32 ቡድኖች አሉት።

በአገራችንም ገና በባህል ስፖርቶች ውድድር ከሚካተቱት ጨዋታዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ተጫዋች የሚገኘው ከመንደርና ከትምህርት ቤት ነውና፣ የመካነ ሰላም፣ የወግዲ፣ የከላላና የአጅባር ተማሪዎች በየዓመቱ ብንገናኝ ምን ይከለክለናል?

አንዳንድ ሰዎች «ዳኛና ሕግ ከገባበት የገና ደስታው ይጠፋል፤ ጌታና ሎሌ እኩል የሚሆኑት በዚያ ቀን ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን የእግር ስብራት ደስታ አይደለም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የበዓሉ ቀን ጨዋታ እንደ ጥንቱ ነፃ ይሁን፤ ውድድሩ በሌላ ቀን፣ በዳኛ ፊት ይደረግ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ሜዳው አለን፣ ዱላውም አለን። ለመጀመሪያ አራት ቡድን ይበቃል።