የተማሪዎች ማኅበር በዩኒቨርሲቲ ግቢ፦ መዝጋቢው ማን ነው? ተጠያቂነቱስ ለማን ነው?

ኢተያ — በሄጦሳ ወረዳ ከተማም ሆነ ገጠር የሚኖር ሰው የማኅበርን ሥርዓት በሚገባ ያውቃል። ዕድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ወርኀዊ መዋጮውን ያላዋጣ ይቀጣል፤ ለቅሶ የቀረ ምክንያቱን ያስረዳል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበርም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያከፋፍል የገባውና የወጣው ገንዘብ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት እንዲነበብ አባላቱ ይጠብቃሉ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ወላጅ ግን ልጁን አሰላ ወደሚገኘው አርሲ ዩኒቨርሲቲ ወይም ራቅ ወዳለ ግቢ ከላከ በኋላ ልጁን እዚያ ማን እንደሚወክለው፣ ወኪሉስ እንዴት እንደተመረጠ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም።

ጥያቄው የተማሪዎች ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ለአንድ የገጠር ቤተሰብ ያለው ዋጋ በእጅጉ ከፍ ብሏል። በግቢው ምግብ ሲበላሽ፣ ዶርም ውኃ ሲያጣ፣ ተማሪ በዲሲፕሊን ተከስሶ ከትምህርት ሊታገድ ሲል ከአስተዳደሩ ጋር ለመነጋገር ወንበር የሚሰጠው የተማሪዎች ኅብረት ነው። ኅብረቱ ደካማ ከሆነ፣ ስንዴ ሸጦ ልጁን የላከው ገበሬ እዚያ የሚሟገትለት የለም ማለት ነው።

የሕጉ መነሻ ግልጽ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ዓላማ በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የሚከለከሉት አግባብ ያለውን ሕግ በመጣስ ወይም ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን በሕገ ወጥ መንገድ ለማፍረስ የተመሠረቱት ናቸው። ተማሪ በመሆኑ ምክንያት ከዚህ መብት የሚወጣ ሰው የለም። በሌላ በኩል አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖዎች ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት ይላል። ዩኒቨርሲቲዎች በግቢያቸው የፓርቲና የሃይማኖት አደረጃጀት እንዳይኖር የሚከለክሉት ይህንን ይዘው ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 በ650/2001 ተተካ፤ እሱም በበኩሉ በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተሽሯል። አዋጆቹ ለተቋማት የውስጥ ነፃነት ስለሚሰጡ የማኅበራት አመዘጋገብ ዝርዝር በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት በሚወጣ የውስጥ ሕግ፣ በተለምዶ ሴኔት ሌጂስሌሽን በሚባለው ይወሰናል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከግቢ ውጪ ማኅበር ለመመሥረት ለሚፈልጉ ሰዎች ከቀድሞው የበለጠ የተመቸ መንገድ ከፍቷል። አምስት ሰዎች ተሰባስበው፣ መተዳደሪያ ደንብ ጽፈው፣ ጠቅላላ ጉባኤ ካደረጉ ማኅበር ሊያቋቁሙ ይችላሉ። መዝጋቢው አካል በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘግብ ይጠበቅበታል፤ ሊከለክል የሚችለውም በአዋጁ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው። የተከለከለው ወገን ለቦርድ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ይግባኝ የሚልበት በር አለው። ዕድርና ዕቁብ ከዚህ አዋጅ ውጪ ሆነው በራሳቸው ደንብ ይኖራሉ፤ በሌላ ሕግ የተቋቋሙ ድርጅቶችም እንዲሁ።

የተማሪዎች ኅብረትና ክበባት በዚህ መካከል ናቸው። ዕውቅናቸውን የሚያገኙት ከዩኒቨርሲቲው በመሆኑ 30 ቀን የሚለው ገደብ አይጠቅማቸውም፤ ቦርድ የለም፤ ፍርድ ቤት መሄድም ለአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከወሬ ያለፈ አይደለም። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ክበብ ለመመሥረት መሥራቾቹ ዓላማቸውን የሚገልጽ ማመልከቻና ረቂቅ መተዳደሪያ ደንብ ይዘው ወደ ተማሪዎች አገልግሎት ዲን ጽሕፈት ቤት ይሄዳሉ። አማካሪ መምህር እንዲኖር ይጠየቃል። አመራር ለመሆን የትምህርት ውጤት ደረጃና ከዲሲፕሊን ጥፋት ነፃ መሆን ቅድመ ሁኔታዎች ናቸው። እስከዚህ ድረስ ነቀፋ የሚገባው ነገር የለም፤ ትምህርቱን ጥሎ ማኅበር የሚመራ ተማሪ ለአባላቱም አይጠቅምም። ጥያቄው ማመልከቻው ከገባ በኋላ ነው፤ መልሱ በስንት ቀን ይሰጣል? «አይቻልም» ከተባለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል ወይ? የከለከለው ሰውና ይግባኙን የሚሰማው ሰው የተለያዩ ናቸው ወይ? አንድ የውስጥ ደንብ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ከሌለው «ምዝገባ» የሚለው ቃል «ፈቃድ» የሚለውን ሸፍኖ ይቀራል። ምዝገባ ማለት ማኅበሩ መኖሩን መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ፈቃድ ግን ይኑር አይኑር የሚለውን ለሌላ ሰው መልካም ፈቃድ መተው ነው።

በዚህ አገር የዩኒቨርሲቲ አስተዳደርና መንግሥት የተማሪዎችን ማኅበር በጥርጣሬ የሚያዩበት ታሪክ ረጅም ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ከአርሲ ገበሬ ሕይወት የራቀ አይደለም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲሰለፉ በዚያን ጊዜ በጭላሎ አውራጃ ብዙው አራሽ ጭሰኛ ነበር። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ማዕከሉን አሰላ ያደረገው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ሥራ ጀመረ። ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘር አመጣ፤ ምርትም ጨመረ። ነገር ግን ትርፉን ያዩ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከይዞታቸው ተነቀሉ። ተማሪዎቹ ያነሡት ጥያቄ መልስ ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ነው። በዚያው ዓመት በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወጡት 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ገበሬውን በማኅበር ለማደራጀት ተሰማሩ። ዛሬ በዕድሜ የገፉ የአካባቢው ሰዎች «ዘማች» የሚለውን ቃል የሚያስታውሱት ከዚሁ ጋር ነው።

ማኅበራቱ ራሳቸው ግን ዕድሜ አላገኙም። ሰላማዊ ሰልፍን በፈቃድ የሚገድበው አዋጅ በ1959 ዓ.ም. ሲወጣ ተማሪዎች ተቃወሙት፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጩ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱም በስድስት ኪሎ ግቢ ደም ፈሰሰ። ደርግ ነፃ ማኅበራትን በሙሉ አጥፍቶ ወጣቱን በአንድ አገር አቀፍ የወጣቶች ማኅበር ሥር አስገባ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢያቸው እንዲወጣ፣ ነፃ ኅብረት እንዲኖራቸውና ጋዜጣቸው እንዲታተም ጠየቁ። ጥያቄው ወደ ከተማው ሁከት ተሸጋገረ፤ በርካታ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ታሰሩ። የዚያን ዓመት የጥያቄዎች ዝርዝር ዛሬ ላነበበው ሰው የሚያስገርመው ቀላልነቱ ነው። የተጠየቀው አንድ የውስጥ ደንብ በሁለት ገጽ ሊመልሰው የሚችለው ነገር ነበር።

ለአስተዳደሩ ጥንቃቄ ምክንያት የለውም ማለት ግን አይቻልም። ተማሪዎች በመንግሥት ምደባ ከየክልሉ ስለሚመጡ አንድ ግቢ ትንሽ አገር ነው። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ሕይወት ጠፍቷል፤ በሌሎችም ግቢዎች ትምህርት ተቋርጦ ብዙዎች ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። በትውልድ አካባቢ የሚሰባሰብ ቡድን ማኅበር ሆኖ ሲመዘገብ፣ ወይም የኅብረቱ ምርጫ በብሔር ቁጥር ሲወሰን ጠብ በቀላሉ ሊነሣ ይችላል። ይህን ስጋት ማቃለል ተገቢ አይደለም። ይሁን እንጂ ማኅበር በመከልከል መሰባሰቡ አይቀርም፤ የሚቀረው መዝገቡ ብቻ ነው። ያልተመዘገበ ቡድን መሪው አይታወቅም፤ ሒሳቡ አይመረመርም፤ ጠብ ሲነሣም ሽማግሌ የሚያነጋግረው ሰው አያገኝም። የተሻለው መፍትሔ ውክልናን ከትውልድ ቦታ ማውጣት ነው፤ ተማሪ በትምህርት ክፍሉ ይምረጥ፤ የእርሻው ተማሪ የእርሻውን፣ የጤናው የጤናውን ይወክል። በዚህ መንገድ የሚመረጥ ሰው ከጎጃም፣ ከሐረርጌና ከአርሲ የመጡትን እኩል ማባበል ግድ ይሆንበታል።

ጎረቤት ኬንያ ተመሳሳይ ራስ ምታት ነበረባት። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ገንዘብና ጎሣ እንደ አገር አቀፍ ምርጫ የሚፋለሙበት መድረክ መሆኑ ሲወራ ኖሯል። በአውሮፓውያኑ 2016 የዩኒቨርሲቲዎች ሕግ ተሻሽሎ ተማሪዎች በየክፍላቸው መራጮችን እንዲመርጡ፣ መሪዎቹን ደግሞ መራጮቹ እንዲሰይሙ ተደረገ። ግርግሩን ይቀንሳል ያሉ አሉ፤ ጥቂት መራጮችን መግዛት ብዙ ሺህ ተማሪ ከመግዛት ይቀላል ያሉም አሉ። ደቡብ አፍሪካ በሌላ መንገድ ሄዳለች። እዚያ በአውሮፓውያኑ 1997 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ እያንዳንዱ የመንግሥት ተቋም የተማሪዎች ምክር ቤት እንዲኖረው ያዛል፤ ምክር ቤቱ መኖሩ በአስተዳደሩ ፍላጎት ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። በአሜሪካ ደግሞ በአውሮፓውያኑ 1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ የመንግሥት ኮሌጅ የተማሪዎችን ቡድን በአመለካከቱ ስላልወደደው ብቻ ዕውቅና ሊነፍገው አይችልም ሲል ወስኗል። ኮሌጁ ሊጠይቅ የሚችለው ቡድኑ ምክንያታዊ የግቢ ደንቦችን ለማክበር ቃል እንዲገባና ትምህርት እንዳያውክ ነው። ከሦስቱ ለኢትዮጵያ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካው ይመስላል፤ መኖሩን በአዋጅ ማረጋገጥ፣ አሠራሩን ለየተቋሙ መተው።

ገንዘቡ ሌላው ጉዳይ ነው፤ ስለ ማኅበራት ሲወራም ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው። ዕድር ነፃ የሚሆነው መዋጮው ከአባላቱ ኪስ ስለሚወጣ ነው። የተማሪዎች ኅብረት ቢሮ፣ ወረቀት፣ የስብሰባ አዳራሽና በጀት በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲው ይመጣሉ። ስለ ካፌው ምግብ ጥራት የሚከራከረው አመራር የቢሮውን ቁልፍ ያገኘው ከሚከራከረው አካል ነው። ይህን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻል ይሆናል፤ ከቤተሰቡ በጭንቅ የኪስ ገንዘብ የሚያገኝ ተማሪ በየወሩ አዋጣ ቢባል አያዋጣም። ቢያንስ ግን የኅብረቱ በጀት በዓመቱ መጀመሪያ ተለይቶ ቢታወቅና በመካከል በቅሬታ ምክንያት እንዳይቆረጥ በደንብ ቢጻፍ የአመራሩ አንደበት ይፈታል። በአንጻሩ አመራሩም ሒሳብ ማሳየት ይኖርበታል። በግቢ ውስጥ ያለ የፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ሻይ ቤት በኅብረቱ ስም ኪራይ ሲሰበስብ ገንዘቡ የት እንደገባ የሚጠይቅ ጠቅላላ ጉባኤ ከሌለ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ብልሹ አሠራር የሚለየው በስሙ ብቻ ነው።

የጊዜ ጉዳይም አለ። የዕድር ዳኛ ሃያ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ተማሪ ግን በአራት ወይም በአምስት ዓመት ተመርቆ ይወጣል። አመራሩ ሥራውን በተማረ ማግሥት ጋዋን ለብሶ ይሰናበታል፤ ማኅተሙና መዝገቡ ለተተኪው በርክክብ ሰነድ ካልተላለፉ የሚመጣው ቡድን ከባዶ ይጀምራል። አስተዳደሩ ግን ቋሚ ነው፤ ካለፈው ዓመት የተስማማበትን ያስታውሳል፤ ከፈለገም ይረሳል። ስለዚህ ምርጫ በየዓመቱ በታወቀ ወር እንዲካሄድና ርክክቡ በጽሑፍ እንዲሆን የሚያዝ አንቀጽ፣ ትንሽ ቢመስልም፣ ብዙ ያስተካክላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ለውጥ ጉዳዩን የበለጠ ያከብደዋል። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ ወዲህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ መጓዝ ጀምሯል፤ ሌሎችም እንዲከተሉ ይታሰባል። ራስ ገዝ የሆነ ተቋም ስለ ክፍያ፣ ስለ ተማሪ ቅበላና ስለ አገልግሎት በራሱ የመወሰን ሥልጣኑ ይሰፋል። ክፍያ ሲነካ የመጀመሪያው ተጎጂ የገጠር ልጅ መሆኑ አያጠራጥርም። በዚያ ውሳኔ ጠረጴዛ ላይ የተማሪ ወኪል ድምፅ ይኖረዋል ወይስ ታዛቢ ሆኖ ይቀመጣል የሚለው ዛሬ በየሴኔቱ በሚጻፉ አንቀጾች ይወሰናል።

አርሲ ዩኒቨርሲቲ ከአዳማው ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ ራሱን የቻለ ተቋም ከሆነ ገና ብዙ ዘመን አልሆነውም። አሰላ ከኢተያ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም፤ ለወላጅ ሄዶ መጠየቅ ከባድ አይደለም። ከባዱ ሰነዱን ማንበብ ነው። በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሴኔት ሕጎች በአብዛኛው የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ በመቶ በሚቆጠሩ ገጾች መካከል ስለ ተማሪዎች ማኅበር የሚናገሩት አንቀጾች ጥቂት ናቸው። እነዚያን ጥቂት ገጾች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አሳትሞ ለአዲስ ገቢ ተማሪ ከዶርም ቁልፍ ጋር ለመስጠት አዲስ አዋጅም ሆነ ትልቅ በጀት አያስፈልግም።