ካርቡሬተሩ በመጨረሻ ይፈታ፦ በደጋ ከተማ የአሮጌ ስፖርት መኪና የነዳጅ አቅርቦት ብልሽት ምርመራ

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣው የቸርችል ጎዳና ዳገት የአሮጌ መኪናን የነዳጅ መስመር በመፈተን ረገድ ከብዙ የጋራዥ መሣሪያዎች አያንስም። ሜዳ ላይ ያለ እንከን ስትጓዝ የቆየች መኪና ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሯ ይንተፋተፋል፤ ነዳጅ መስጫው በተረገጠ ቁጥር ኃይል ከመጨመር ይልቅ ይደክማል፤ ፒያሳ ደርሳ ከተሽከርካሪዎች ሰልፍ ኋላ ስትቆም ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል። ከሩብ ሰዓት ዕረፍት በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሣል። ባለቤቷ ጋራዥ ሲያደርሳት ምልክቱ የለም። እንዲህ ባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚፈታው ዕቃ ካርቡሬተሩ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ካርቡሬተሩ መፈታት የሚገባው በመጨረሻ ነው በማለት ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቆረቆረች ከተማ ደግሞ ይህ ቅደም ተከተል ከሌላ ቦታ ይልቅ ይጸናል።

ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ለውይይቱ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 በቱሪን የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የቀረበችውን የዚህችን ባለ ሁለት በር መኪና አካል የነደፈው ፒኒንፋሪና ነው። 1,438 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ይዘት ያለውን ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተሯን የሠራው ደግሞ ከፌራሪ ወደ ፊያት የተሻገረው መሐንዲስ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነበር። በቀደምት ሞዴሎቿ ቤንዚኑ ከኋላ ካለው ሰልባትዮ ተነሥቶ፣ በወለሉ ሥር አልፎ፣ ከሞተሩ ጋር ወደተገጠመው ሜካኒካል ፖምፓ ይሳባል፤ ፖምፓው ደግሞ ወደ ዌበር ካርቡሬተሩ ይገፋዋል። በእነዚህ ሁለት ግሦች መካከል ያለውን ልዩነት ያልለየ ምርመራ ገና ከመነሻው ይስታል። በሚገፋው ክፍል ያለ ቀዳዳ ያንጠባጥባል፣ ይሸታል፣ ራሱን ያጋልጣል። በሚስበው ክፍል ያለ ስንጥቅ ግን አንዲት ጠብታ ሳያወጣ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ከውጭ ሲታይ ቱቦው ደረቅና ጤነኛ ነው። ርዝመቱ የሚያመዝነው ደግሞ የሚስበው ክፍል ነው።

የፒያሳ መካኒክ ከጣሊያን ሥሪት ጋር ያለው ዝምድና አዲስ አይደለም። የሰፈሩ ስም ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ የሚሉት የሙያው ቃላትም ከዚያው ምንጭ የተቀዱ ናቸው። በሰማያዊና ነጭ ቀለማቸው በፒያሳ ሲመላለሱ የኖሩት የሴይቼንቶ ታክሲዎች ሞተራቸው ከኋላ፣ ሰልባትዮአቸው ከፊት ስለነበረ ነዳጁን ከመኪናው ጫፍ እስከ ጫፍ መሳብ ግድ ነበረባቸው። በእነርሱ ላይ እጁን ያፍታታ ባለሙያ የመሳቢያውን መስመር ጠባይ ሊዘነጋ አይገባውም ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ትኩረቱ ሁሉ ኮፈን ሲከፈት ፊት ለፊት ወደሚታየው ካርቡሬተር ዞረ።

ለዚህ ዝንባሌ ምክንያት የለውም ማለት አይቻልም። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር በአዲስ አበባ ስስ አየር ሲሠራ ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ በነዳጅ ይወፍራል። ስለዚህ የከተማዋ መካኒክ ካርቡሬተርን ለከፍታው ማስተካከል የሥራው ዋና አካል ሆኖ ቆይቷል፤ በዚህ ረገድ ያካበተው ችሎታም የሚናቅ አይደለም። ችግሩ ይኸው ችሎታ ለማይመለከተው በሽታ ሁሉ መድኃኒት ተደርጎ መወሰዱ ነው። ሥራ ፈትቶ በሚዞርበት ጊዜ ከመጠን ያለፈ ነዳጅ የሚያገኝ ሞተር ካንዴላውን በጥላሸት ያጠቁራል፤ ያው ሞተር ዳገት ላይ በነዳጅ ረኀብ ሊሞት ይችላል። ካንዴላውን ነቅሎ ጥቁር ያገኘ ሰው «ነዳጅ በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ረኀቡም ይብሳል።

ከዚህ የሚከፋው ጂግለሮችን በሽቦ ወይም በመሰርሰሪያ የማስፋት ልማድ ነው። በዌበር ጂግለር ላይ የታተመው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ይገልጻል፤ 125 የሚል ጂግለር ቀዳዳው 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ጊዜ ከተሰረሰረ በኋላ ቁጥሩ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ 125 የሚለውን አንብቦ በዚያው ላይ ይመሠርታል፤ አንድ ሳምንት ቢደክምም መነሻው ስለተበላሸ መድረሻውን አያገኘውም።

በደጋ አገር ነዳጅ በቱቦ ውስጥ አይፈላም የሚለው እምነትም ሰፊ ነው። ይህ ችግር የአዋሽና የድሬዳዋ መንገድ ጣጣ ተደርጎ ይታሰባል። እንጦጦ ላይ ባቄላ የሚቀቅል ሰው ሁሉ ግን የነገሩን ግማሽ ያውቀዋል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በአዲስ አበባ ውኃ ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ቤንዚንም ከዚሁ ሕግ ውጭ አይደለም።

ቁጥሩ ሲሰላ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በባሕር ጠረፍ የከባቢ አየር ግፊት 1 ባር ያህል ሲሆን በፒያሳ ከፍታ ወደ 0.75 ባር ይወርዳል። በ38 ዲግሪ የትነት ግፊቱ 0.55 ባር የሆነ ቤንዚን በምሳሌነት ቢወሰድ፣ ያ ነዳጅ በባሕር ጠረፍ ወደ እንፋሎት ሳይለወጥ ሊሳብ የሚችልበት ትርፍ ግፊት 0.45 ባር ነው። በፒያሳ ግን በእኩል ሙቀት 0.20 ባር ብቻ ይቀራል፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው። በዚህ ትርፍ ላይ ቆሻሻ የያዘ ፊልትሮ፣ የታጠፈ ቱቦ፣ የተደፈነ የሰልባትዮ መተንፈሻ እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ይቀንሳሉ። በዝቅተኛ ቦታ ሳይታወቅ ሊኖር ይችል የነበረ ትንሽ እንቅፋት እዚህ መኪናን ያቆማል። ዳገቱን ከወጣች በኋላ በተሽከርካሪ ሰልፍ ውስጥ የምትቆም መኪና ደግሞ ከኮፈኗ ሥር ያለው ሙቀት ከውጭው አየር ጋር ግንኙነት የለውም፤ የፒያሳ ብርድ ፖምፓውን አያድነውም።

የነዳጁ ዓይነትም ለስሌቱ ባዕድ አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ በ5 በመቶ እንዲደባለቅ ተደርጎ፣ በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። የነዳጅ ወጪን በአገር ምርት መተካት የሚደገፍ ዓላማ ነው። ይሁንና በዚህ መጠን የተቀላቀለ ኤታኖል፣ መሠረቱ የሆነው ቤንዚን ካልተስተካከለ፣ የድብልቁን የትነት ግፊት በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፤ ከላይ ከተጠቀሰው 0.20 ባር ላይ ጥቂት ሲቀነስ ጥቂቱ ብዙ ነው። ከዚህም ሌላ ኤታኖል ለዓመታት በሰልባትዮ ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ዝቃጭ ያላቅቃል፣ ውኃ ይስባል፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለእርሱ ታስበው ያልተሠሩ የጎማ ቱቦዎችን ያበላሻል። በውርስ ተይዛ ለወራት የምትቆም የስፖርት መኪና ከታክሲ ይልቅ ለዚህ የተጋለጠች ናት።

ታዲያ ምርመራው ከየት ይጀምር? መኪናዋ በጠፋችበት ቅጽበት፣ እዚያው መንገድ ዳር። የአየር ማጣሪያው ተነሥቶ ነዳጅ መስጫው በእጅ ሲሳብ ከካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ የቤንዚን ጅረት ብቅ ካለ ነዳጅ አለ፤ ፊት ወደ ቦቢናው መዞር አለበት። ሲሞት የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ቦቢና ከነዳጅ ረኀብ ጋር መንታ እስኪመስል ድረስ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፤ በዚህ ምክንያት ያለ ኃጢአታቸው የተቀየሩ ፖምፓዎች ጥቂት አይደሉም። ጅረቱ ከሌለ የሰልባትዮው ክዳን ይከፈት። አየር እያፏጨ ከገባና መኪናዋ ወዲያው ከተነሣች መተንፈሻው ተደፍኗል፤ የምርመራው ወጪ በዚሁ ያበቃል።

ክዳኑ መልስ ካልሰጠ ከፖምፓው በፊት አጭር ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ይገጠምና ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ ይታይ። ተከታታይ አረፋ የሚያሳይ መስመር ወይ አየር ይስባል ወይ ነዳጁን ያፈላል። ሁለቱን ለመለየት በውኃ የራሰ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ማኖር በቂ ነው፤ አረፋው ከቀነሰ ጥፋቱ የሙቀት ነው፣ ካልቀነሰ ስንጥቅ ይፈለግ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ልኬት ነው፦ ከካርቡሬተሩ የተነቀለውን ቱቦ ወደ ባለ ምልክት ዕቃ አዙሮ በግማሽ ደቂቃ የሚወርደውን ቤንዚን መለካት፣ አንድ ጊዜ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ከዳገቱ መልስ። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ከሁለቱም ልኬቶች የበለጠ ይናገራል። የመጨረሻው ፈተና ሞተሩን ከሌላ አነስተኛ ዕቃ መመገብ ነው። ይህን የጋራዥ ልማድ ብዙዎች እንደ ጊዜያዊ መላ ያውቁታል፤ እንደ ምርመራ ግን ወደር የለውም። ሰልባትዮውም፣ መስመሩም፣ ፖምፓውም ከጨዋታ ወጥተው ሞተሩ በሚገባ ከሠራ ካርቡሬተሩ ነፃ ነው። ነገር ግን የጋለ ሞተር አጠገብ ያለ ክፍት ቤንዚን እሳት ጠሪ ስለሆነ ይህ ፈተና መኪናዋ ቆማ፣ ማጥፊያ በእጅ ተይዞ እንጂ በመንገድ ላይ ሊደረግ አይገባም።

ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ይህ ሁሉ መለካት ጆሮው ላልሠለጠነ ሰው ነው ሊሉ ይችላሉ። በእርግጥም የሠለጠነ ጆሮ ነዳጅ ያነሰውን ሞተር ድምፅ ከማንም ቀድሞ ይለያል። ነዳጁ የት እንዳነሰ ግን ጆሮ አይሰማም። እውነተኛው እንቅፋት ከችሎታ ይልቅ የክፍያው ሥርዓት ይመስላል። ደንበኛ ለተቀየረ ዕቃ ይከፍላል፤ ለታሰበበት ሰዓት አይከፍልም። ሁለት ሰዓት ለክቶ «የተደፈነው የክዳኑ መተንፈሻ ነው» ያለ መካኒክ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ ፖምፓና ካርቡሬተር የቀየረው ጎረቤቱ የቀን ገቢውን ይዞ ይገባል። ለምርመራ ብቻ የሚከፈል የታወቀ ዋጋ እስካልኖረ ድረስ መካኒኩን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

ጊዜውም አይጠብቅም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ ካስታወቀ ወዲህ ሥልጠናውም የመለዋወጫ ገበያውም ፊቱን ወደዚያ ማዞሩ አይቀርም። በዚያው ዓመት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ነባር መንደሮች ሲፈርሱ የሰፈሩ ሰው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበትኗል፤ ከሰው ጋር የሚሄድ የእጅ ዕውቀትም እንዲሁ። ሊሰበሰብ የሚችለው ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ነው።

ለዚህ ሥራ ከፒያሳ የአሥር ደቂቃ መንገድ በማይሞላው አምስት ኪሎ የሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ትልቅ በጀት አያስፈልገውም። ከፖምፓው በፊት በሚገባ መጋጠሚያ ላይ አንድ የመሳብ ግፊት መለኪያና አንድ የሙቀት መለኪያ ከተገጠሙ፣ ከአንዲት ፈቃደኛ ባለንብረት መኪና ሦስት ንባቦችን መውሰድ ይቻላል፦ ለገሃር ላይ ሞተሩ ገና ሳይግል፣ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ዳገቱ እንዳለቀ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ደግሞ ሞተሩ ሳይጠፋ አሥር ደቂቃ ከቆመ በኋላ። መኪናዋን የያዛት አንጋፋ መካኒክ ከጎን ተቀምጦ፣ መለኪያው ከመነበቡ በፊት የጠረጠረውን ቦታ በወረቀት ላይ ያስፍር።