ለድርቆሽ አጨዳ ስንት የፈረስ ጉልበት?

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉት የሣር ሜዳዎች የሚታጨዱበት ጊዜ ይደርሳል። ሣሩ እንዳበበ፣ ቅጠሉ ሳይገረጅፍ ታጭዶ የተከመረ ድርቆሽ ለወተት ላም ጥሩ መኖ ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆሞ፣ ውርጭና ፀሐይ ከተፈራረቁበት በኋላ የሚታጨደው ግን ስሙ ድርቆሽ ይባል እንጂ ከገለባ ብዙም አይሻልም። ስለዚህ የሣር ባለቤት ዋና ጭንቀቱ ቀን ነው። በማጭድ አንድ ሄክታር በአንድ ቀን ለመጨረስ ስምንት፣ አሥር ሰው ያስፈልጋል። ገብሱም በዚያው ሰሞን ስለሚደርስ አጫጅ እንደልብ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም።

በዚህ ምክንያት ሣርን በትራክተር የማጨድ ሐሳብ በየማኅበሩ መነሣቱ የሚደገፍ ነው። በተለይም በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከተፈቀደ ወዲህ ጥያቄው «ትራክተር እንግዛ ወይስ ይቅር» ከሚለው አልፎ «የትኛውን እንግዛ» ወደሚለው ተሸጋግሯል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደታዘበው ግን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። «ትልቁ ይገዛ፤ ትልቅ ከሆነ ያርሳልም፣ ይጎትታልም፣ ያጭዳልም» ይባላል። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እንዲህ ብለው ከመከሩት አንዱ እኔ ራሴ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ የልማት ሠራተኛ በሆንኩ በዓመቱ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ 24 ሄክታር የሣር ሜዳ በጋራ የያዘ አንድ ማኅበር ምክር ጠየቀኝ። በኮሌጅ የተማርነው በአብዛኛው ስለ እርሻ ትራክተር ስለነበር፣ ያንኑ አስቤ ባለ 90 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ከሰፊ ስላሸር ጋር ቢገዙ ይሻላል አልኩ። ማኅበሩም ከአባላቱ መዋጮና ከብድር አሰባስቦ ገዛ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት የመጀመሪያው ቀን አጨዳ ላይ ተገኝቼ ነበር። ትራክተሩ ከመንገዱ ዳር ያለውን ደረቅ ቦታ በሚያኮራ ፍጥነት አጸዳው። ወደ ሜዳው መሐል ሲዘልቅ ግን የኋላ ጎማው እስከ ግማሹ መረሬው ውስጥ ገባ። ለማውጣት ግማሽ ቀን፣ ሁለት ጭነት ድንጋይና ከጎረቤት ቀበሌ የመጣ ሌላ ትራክተር አስፈለገ። አንድ የማኅበሩ አባል የሆኑ አዛውንት ከአጠገቤ ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «ልጄ፣ ጥቅምት ሳያልቅ እዚህ በሬ እንኳ አናስገባም። ይህን ዝሆን ማነው ያስገባው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ አባባ» ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።

መረሬ አፈር ክረምቱን ውኃ ይዞ ስለሚከርም ላዩ ደርቆ ቢታይም ከሥሩ ገና ለስላሳ ነው። ባለ 90 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ክብደቱ ከሦስት ቶን በላይ ነው። ለማረስ ይህ ክብደት አስፈላጊ ነው፤ ማረሻውን በአፈር ውስጥ የሚጎትተው ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ ሲይዝ ነውና። ማጨጃ ግን እንደ ማረሻ የሚጎተት ነገር አይደለም። ኃይሉን የሚያገኘው ከትራክተሩ ኋላ በደቂቃ 540 ዙር ከሚሽከረከረው ዘንግ፣ ማለትም ከፒቲኦው ነው። ስለዚህ ለአጨዳ ተጨማሪ ክብደት ትርፍ ሸክም ነው። ጎማው ያለፈበት መሬት ይጠቀጠቃል፤ በሚቀጥለው ክረምት በጎማው ፋና ላይ ውኃ ይቆማል፤ ውኃ በቆመበትም ጥሩው ሣር ይጠፋና ረግረግ ወዳዱ ይተካል። የዚያ ሜዳ የጎማ ፋና በ2016 ዓ.ም. ክረምትም ከሩቅ ይታይ ነበር።

ታዲያ ምን ያህል ይበቃል? ስሌቱ የሚጀምረው ከሻጩ መደብር ሳይሆን ከሜዳው ነው። አንድ ሜትር ተኩል ጥርግ አድርጎ የሚያጭድ ማሽን በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በወረቀት ላይ በሰዓት 0.9 ሄክታር ይሆናል። መዞሪያው፣ ድንጋዩና ኩይሳው ሲቀነስ 0.6 ሄክታር ብንል የተጋነነ አይሆንም። ጤዛው ሳይረግፍ ስለማይታጨድ ሥራው የሚጀመረው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠራ 3.6 ሄክታር ይታጨዳል። 24 ሄክታሩ በሰባት ቀን ያልቃል ማለት ነው። ከዚህ በላይ መፍጠን ምን ይጠቅማል? የታጨደው ሣር መገልበጥ፣ መድረቅ፣ መሰብሰብና መከመር አለበት። በአንድ ቀን አሥር ሄክታር አጭዶ የሚሰበስበው ሰው አጥቶ ሜዳ ላይ ያደረ፣ ድንገተኛ ዝናብ የመታው ሣር ሻግቶ ይጠፋል።

ባለ ከበሮ የሚባለው፣ 1.65 ሜትር ስፋት ያለው ማጨጃ በፒቲኦው ላይ ወደ 30 የፈረስ ጉልበት ቢያገኝ በደንብ ይሠራል። እዚህ ላይ ግን አብዛኛው ገዢ፣ እኔንም ጨምሮ፣ የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አራተኛውን ያህል ያጣል። በዚያ ላይ የሞተሩ ጉልበት ወደ ፒቲኦው እስኪደርስ ከመቶ 15 ያህሉ በመንገድ ይቀራል። በመሆኑም በመጽሐፉ ላይ 50 የተባለው ትራክተር በእኛ ሜዳ ላይ ለማጨጃው የሚሰጠው 32 ገደማ ነው። 35 የተባለው ደግሞ 22 ብቻ ስለሚሰጥ ባለ ከበሮውን ሲያዞር ሞተሩ ይታነቃል። ስለዚህ ትንሹን መግዛት ሁልጊዜ ብልህነት ነው ማለቴም አይደለም። ለእንዲህ ያለ ሜዳ ከ45 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ቀለል ያለና ሰፊ ጎማ ያለው ትራክተር ይበቃል እላለሁ። ገንዘብ ያነሰው ማኅበር ባለ 35ቱን ከገዛ ጥርሱ እንደ መቀስ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን ማጨጃ ይያዝ፤ የሚፈልገው ጉልበት ጥቂት ነው። ጉድለቱ ድንጋይ ሲያገኘው ጥርሱ መሰበሩ ነው፤ ድንጋዩ ከክረምት በፊት ካልተለቀመ የመለዋወጫው ወጪ ያማርራል።

ስለ ስላሸርም አንድ ቃል ልጨምር። ስላሸር ቁጥቋጦና አረም ለመመንጠር የተሠራ ነው። ሣሩን አጭዶ ከማጋደም ይልቅ ስለሚከታትፈው ብጥስጣሹ ከመንሹ ሥር እየሾለከ መሬት ላይ ይቀራል። እርሱን ያስገዛሁት የረከሰ መስሎኝ ነበር።

ማኅበሩ ድርቆሹን በማሽን አስሮ በቤል ለመሸጥ ካሰበ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የቤል ማሰሪያው ከማጨጃው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ እንቅስቃሴውም ትራክተሩን ወደፊትና ወደኋላ ይንጣል። ስለሆነም በእኛ ከፍታ ወደ 60ው ወይም ተርቦ ወዳለው መጠጋት ግድ ይሆናል። ይሁን እንጂ ቤል የሚታሰረው ሣሩ ከደረቀ፣ መሬቱም ከጠና በኋላ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ትራክተር መከራየት ይቻላል። በአጨዳው ሰሞን ግን ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚፈልግ ኪራይ አያስተማምንም።

በማጭድ የሚተዳደሩት አጫጆችስ? ይህን ጥያቄ የሚያነሱ ሰዎች ተሳስተዋል አልልም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጭላሎ አውራጃ ትራክተር ሲስፋፋ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው መፈናቀላቸው ይታወቃል። ያ ጊዜና ያ የመሬት ሥሪት አልፏል፤ የሰው እንጀራ ጉዳይ ግን አላለፈም። መካከለኛው ማሽን በቀን የሚያጭደውን ሦስት ሄክታር ተኩል ሣር የሚገለብጥ፣ የሚሰበስብና የሚከምር ሰው ያስፈልጋል። ትልቁ ግን ማሰሪያ ማሽኑንም አብሮ ካልጠራ አይረካም።

ማኅበሩ ዛሬም ብድሩን እየከፈለ ነው። ባለ 90ውን አልሸጠውም፤ በበጋ ለእርሻ እያከራየ የብድሩን ክፍያ በከፊል ይሸፍንበታል። ለአጨዳ ደግሞ ያንን ዕለት ሊያወጣን የመጣውን የጎረቤት ቀበሌ ባለ 50 ትራክተር በየዓመቱ ይከራያል፤ ተራ እስኪደርሰው የሚጠብቅበትም ጊዜ አለ። ባለፈው አጨዳ ሄጄ ሳይ አዛውንቱ ከሜዳው ዳር ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው ዱላቸውን መረሬው ውስጥ ሰኩና የገባውን በጣታቸው ለኩ። «እስከዚህ ከገባ ገና ነው» አሉና የማኅበሩን ሊቀመንበር ጠርተው አጨዳው በአራት ቀን እንዲዘገይ አደረጉ። እኔም በማስታወሻዬ ላይ ልኩን ጻፍኩ፤ ከክንድ ያነሰ፣ ከስንዝር የበለጠ ነበር።