ባንዲራውን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ

ባለፈው ሰኞ ከልጅ ልጄ ጋር እዚሁ አዳማ ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ነበር። ከፖስታ ቤት ባጃጅ ይዘን ስንደርስ በሩ ላይ የብዙ አገር ባንዲራ ተደርድሯል። ከሥሩ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ትምህርት» ይላል። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች። እኔ ደግሞ መነጽሬን አድርጌ ወደ ሬጅስትራር መስኮት ተጠጋሁ።

ልጅቷ የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፋለች። ይህ በቤታችን ትልቅ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ግማሹን ነጥብ ያመጡበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ነገር ግን የተመደበችበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ነው። እናቷ «በዚህ ጊዜ ልጄን ያን ያህል መንገድ አልክም» ብላ ቁርጧን ተናገረች። ስለዚህ ከቤት እየተመላለሰች አካውንቲንግ እንድትማር፣ ክፍያውንም አባቷና እኔ እንድንካፈል ተስማማን። የእኔ ድርሻ ከጡረታዬ ነው።

«የኔ ልጅ፣ አካውንቲንግን እዚህ ካምፓስ ለማስተማር ፈቃድ አላችሁ?» አልኳት መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ።

«አባቴ፣ ዩኒቨርሲቲያችን እውቅና አለው» አለችኝ በትሕትና።

«እሱንማ ሰምቻለሁ። እኔ የጠየቅሁሽ የዚህን ካምፓስና የዚህን ትምህርት ነው።»

የልጅ ልጄ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «አባባ፣ በናትህ አታሳፍረኝ» አለች በሹክሹክታ። ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል።

ለምን እንደማልተወው ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ከዓመታት በፊት በአንድ የግል ኮሌጅ እየከፈለ ተምሮ ጋዋን ለብሶ ተመረቀ። በግ ታረደ፤ ፎቶው ሳሎን ተሰቀለ። ሥራ ሲያመለክት ማስረጃህን አረጋግጠህ አምጣ ተባለ። ኮሌጁ ፈቃድ ነበረው፤ እሱ የተማረበት ካምፓስ ግን ለዚያ የትምህርት ዘርፍ አልነበረውም። ፎቶው ዛሬም አልወረደም። እንግዳ ቀና ብሎ «በምን ተመረቀ?» ሲል ግን እህቴ ቡናውን ልታይ ትነሣለች።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ይህን ነው። በአገራችን ለግል ተቋም እውቅና የሚሰጠው በጅምላ አይደለም። ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ፣ እንዲሁም ለመደበኛውና ለርቀቱ ለየብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተፈቀደ ትምህርት አዳማ ወይም ሻሸመኔ ላይም ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ፈቃዱን የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

ይህን የምለው የግል ዩኒቨርሲቲን ለመንቀፍ አይደለም። ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ ከቋንቋ ትምህርት ቤት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በአገሪቱ የመጀመሪያው የግል ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቅቷል። ሪፍት ቫሊም እ.ኤ.አ. በ2000 እዚሁ አዳማ ተጀምሮ ነው ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው። እነዚህ በሮች ባይከፈቱ ኖሮ ቀን ሠርተው ማታ የተማሩ ስንት ጎረቤቶቻችን ዲግሪ አያገኙም ነበር።

ይሁን እንጂ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ። የመንግሥትም ሆነ የግል ተማሪ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ተፈትነው ያለፉት ከመቶ 20 አይሞሉም ነበር። አራት ዓመት ከከፈሉ በኋላ ይህን መስማት ለወላጅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ዓለም አቀፍ የሚለው ቃልም እዚህ ላይ ይፈተናል። እኛ አዳማዎች ዓለምን ከባንዲራ አልተማርነውም፤ የጅቡቲ ባቡርና ከባድ መኪና በደጃችን ሲያልፍ እያየን ነው ያደግነው። መኪናው ምንም ያህል ቢያምር ወረቀቱ ካልተሟላ ኬላ ላይ ይቆማል። ዲግሪም እንደዚያው ነው። ልጅቷ ነገ ውጭ አገር ልማር ብትል የግል ተቋም ማስረጃዋን አስቀድሞ የሚያረጋግጥላት ያው ባለሥልጣን ነው፤ ከዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ይከተላል። የመጀመሪያው ከሌለ ሁለተኛው አይመጣም።

ወደ መስኮቱ ልመለስ። ልጅቷ ወደ ውስጥ ገብታ ቆየችና ተመለሰች። «የዚህ ካምፓስ አካውንቲንግ በሂደት ላይ ነው አባቴ፤ በቅርቡ ያልቃል» አለች። እውነቱን ስለነገረችኝ አመሰገንኳት። «ሲያልቅ እንመጣለን» ብዬ ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ የልጅ ልጄ አላናገረችኝም። ጓደኞቿ እዚያ ተመዝግበዋል። ማታ ላይ ግን የአጎቷን ፎቶ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። የምታውቀው ምርቃቱን ብቻ ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና «እሱ ግን ለምን አልጠየቀም?» አለች።

«ሰው እንዳይታዘበው» አልኳት።

ረቡዕ ወደ ሌላ የግል ተቋም ሄድን። እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ የጠየቀችው እሷ ናት። ሠራተኛው ደብዳቤውን አውጥቶ አሳያት፤ ካምፓሱም ዘርፉም በስም ተጽፏል፤ የሚያበቃበት ቀንም አለበት። ስልኳን አውጥታ ደብዳቤውን ፎቶ አነሳች። በዚህ አላበቃችም፤ እኔ ያላሰብኩትን ጨመረች፦ «ባለፈው ዓመት ከእናንተ አካውንቲንግ ስንት ተማሪ የመውጫ ፈተና ተፈተነ? ስንቱ አለፈ?»

ሠራተኛው ትንሽ አሰበና «አጣርቼ እነግራችኋለሁ» አለ።

ይህን ስጽፍ መልሱ አልመጣም። ምዝገባው አርብ ይዘጋል፤ እናቷ በየሰዓቱ እየደወለች «ክፈሉና ገላግሉኝ» ትላለች። ብሩ በኪሴ ነው። ልጅቷ ግን «መልሱን ሳንሰማ አንከፍልም አባባ» ብላለች። ነገ ጠዋት ተመልሰን እንሄዳለን። እናንተም በዚህ ሰሞን ልጅ የምታስመዘግቡ ከሆነ ልጁን ወደ መስኮቱ አስቀድሙት፤ ጥያቄውን ራሱ ይጠይቅ።